ከበርሲም ማሳ የወጣው ነሐስ

ካይሮ በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ዶቂ ውስጥ አንድ አዛውንት ለመንከባከብ ተቀጠርኩ። ጡረታ የወጡ የመስኖ መሐንዲስ ነበሩ። ሰው ሁሉ «ባሽሙሐንዲስ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ሚስታቸው ሞተዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ዛማሌክ መድኃኒት ቤት ስላላት ዶክቶራ እንላታለን። ዓይናቸው ደክሟል፣ ደረታቸው ከዓይናቸውም የባሰ ነው። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ፣ አበስላለሁ፣ አጥባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሣጥናቸውን አወጣላቸዋለሁ።

ሣጥኑ ውስጥ ያለው ብረት ነው። ከጊዛ ወደ ሳቃራ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአባታቸው የወረሱት እርሻ ነበራቸው። መሐሉ በርሲም የሚሉት የከብት መኖ፣ ዳር ዳሩ ተምር። ማሳው በታረሰ ቁጥር ከአፈሩ የሚወጣውን ብረታ ብረት የእርሻው ጠባቂ በቅቤ ቆርቆሮ እያጠራቀመ ይልክላቸዋል። እሳቸው ያጥቡታል፣ ይዳብሱታል፣ ምን እንደነበረ ከለዩ በኋላ ስሙን በወረቀት ጽፈው በክር ያስሩበታል። የአህያ ልጓም። የማጭድ ጫፍ። የዓሣ መረብ ማስጠሚያ እርሳስ። የጥጥ ጆንያ የታሸገበት ማኅተም። የእንግሊዝ ወታደር የካፖርት ቁልፍ። እኔ ሥራዬን ጨርሼ ከወንበራቸው አጠገብ መሬት ላይ እቀመጥና ማየት ያልቻሉትን አይቼ እነግራቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ የምነግራቸው ቀለሙንና ቅርጹን ብቻ ነበር። ከዚያ በላይ ማወቄን እንዲያውቁ አልፈለግኩም።

አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ይህን ቃል እዚህ ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ቤታችን ከመንደሩ ወጣ ብሎ ወንዙ አጠገብ ነው። ማረሻ የተሰበረባቸው፣ ወገል የላላባቸው ገበሬዎች ይመጣሉ፤ ብረቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው ዞር ይላሉ እንጂ እጅ በእጅ አይሰጡትም። እናቴ ጠላ ስትቀዳላቸው «ጾመኛ ነኝ» ይላሉ፣ በፋሲካ ሳምንትም ቢሆን። መንደር ውስጥ ሕፃን በታመመ ቁጥር የሚነሣው የኛ ቤት ነው። ቡዳ ይሉናል። ወናፉን የማናፋው እኔ ስለነበርኩ ብረትን በድምፁ፣ በክብደቱ፣ ሲሞረድ በሚሰጠው ሽታ ለየሁት። አዲስ አበባ ስገባ ግን አባቴ አራሽ ነው አልኩ። ካይሮም ስመጣ ያንኑ አልኩ።

ቡላቅ አል-ዳክሩር ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር ቤት ተከራይተን ነበር። እኔ የማድረው በእረፍት ቀኔ ብቻ ነው። አንዷ በዕድሜ የምትበልጠን የጎንደር ሴት ናት፣ እትዬ የምንላት። ሌላዋ የኔ እኩያ፣ የስምንት ወር ወንድ ልጅ ያላት፣ በካይሮ ከማንም በላይ የምወዳት ጓደኛዬ ናት። ልጁን አቅፌ አሳድሬዋለሁ። ስታጠባው ግን ሁልጊዜ ዞር እል ነበር። «ምን ያሳፍርሻል?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔ ደግሞ ሲጠባ ዓይኔ እንዳያርፍበት ነበር የምሸሸው። ሰዎች ስለኛ የሚሉትን አላምንም እያልኩ ያደግኩ ሰው፣ ያንን አደርግ ነበር።

አብዮቱ ሲጀመር ዶቂ ጭስ ሆነች። አስለቃሽ ጋዙ በመስኮት ክፍተት እየገባ ባሽሙሐንዲስ እንደ ዓሣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሱ ጀመር። ዶክቶራ በሁለተኛው ሳምንት መጥታ ሁለታችንንም ወደ እርሻው ወሰደችን። «ለጥቂት ቀን ነው፣ ነገሩ እስኪበርድ» አለች። ጥቂት ቀን ያለችው ወራት ሆነ።

የእርሻው ጠባቂ ስድሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። ገና ከመኪናው ስወርድ ሻንጣዬን እንጂ ፊቴን አላየም። ፖሊስ ከየጣቢያው ጠፍቷል፣ እስር ቤቶች ተከፍተዋል ይባላል፤ ቴሌቪዥኑ የውጭ ሰዎች አገሩን እየበጠበጡ ነው ይላል። እኔ ለሱ የውጭ ሰው ነበርኩ። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ይከተለኛል። ስልክ ሳናግር ይቆማል። አንድ ቀን ማሰሮዎቹን እያጠብኩ ሳለ አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«አባይን ልትዘጉት ነው አሉ» አለኝ።

«እኔ እንጃ።»

«አገርሽ አይደለም?»

«አገሬ ነው። እኔ ግን ድስት ነው የማጥበው» አልኩት። አልሳቀም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሌን በር ከውስጥ መቀርቀር ጀመርኩ።

ባሽሙሐንዲስ እርሻው ውስጥ ቀለል አላቸው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፣ ቆርቆሮውንም እናወጣለን። አንድ ቀን አፉ የታጠፈ ጠፍጣፋ ብረት ሰጡኝ። መቆፈሪያ ነው፣ ግን የሚታጠፍበት ጋ ወፍራም ነው፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም አሉ። ሳላስበው በጥፍሬ አንኳኳሁት።

«ሁለት ብረት ነው» አልኳቸው። «አሮጌው ሲያልቅ አዲስ ጫፍ ተቀጥሎለታል። እዚህ ጋ በደንብ አልተጋለም፣ ስለዚህ ከውስጥ ተሰንጥቋል። ድምፁ ደንቆሮ ነው።»

ባሽሙሐንዲስ እጃቸውን ዘረጉ። ብረቱን ተቀብለው በጆሯቸው አጠገብ አንኳኩት።

«ማን አስተማረሽ ይህን?»

«አጎቴ ጋራዥ ነበረው።»

«ጋራዥ ውስጥ መቆፈሪያ አይቀጠልም፣ ያ ቢንቲ» አሉኝ፣ ልጄ እንደማለት። ሌላ አልጠየቁኝም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከቆርቆሮው ራቅኩ። ከተናገርኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ተነሥቶ ሰው አባቴ ደጃፍ ድረስ የሚደርስ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ነሐሱ የወጣው። ጠባቂው በማሳው ማዕዘን ላይ የተደፈነ ቦይ ሲጠርግ አገኘው። በራስ መሸፈኛው ጠቅልሎ አመጣና በሩን ዘግቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የሰው ጭንቅላት የሚያህል፣ ለሁለት እንደተከፈለ ቀለበት ያለ ግማሽ ክብ ነው። አረንጓዴ ዝገት ሸፍኖታል። ከውስጡ በኩል የተጠማዘዙ መስመሮች ይታያሉ፣ ጽሑፍ የሚመስሉ።

«የፈርዖን ነው» አለ ጠባቂው በሹክሹክታ።

ባሽሙሐንዲስ እየዳበሱ ቆዩ። «እዚህ ይቆይ፣ እናየዋለን» አሉት። ጠባቂው እጁን ከላዩ አላነሣም። በመጨረሻ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ቁልፉ ባሽሙሐንዲስ አንገት ላይ እንዲንጠለጠል ተስማሙ። ጠባቂው ሲወጣ ያየው እሳቸውን ሳይሆን እኔን ነበር።

ብቻችንን ስንሆን ነሐሱን ከቁም ሣጥኑ አስወጡኝና «እስቲ የአጎትሽን ጋራዥ ጠይቂው» አሉኝ። ጠርዙን በምስማር ጫርኩት፤ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ወርቅ ግን አይደለም፣ ወርቅ ሲጫር እንዲያ አይጮህም። ውስጡን በጣቴ ተከተልኩት። አንዱ ወገን እንደ መስታወት ለስልሷል፣ ሌላው ሻካራ ነው። ጽሑፍ የመሰለው ነገር ከዳር ዳር የሚሄድ ቀጭን ቦይ ሆነ።

«በዚህ ውስጥ ወፍራም ዘንግ ሲዞር ኖሯል» አልኳቸው። «ክብደቱ ያረፈው በዚህ በኩል ነው፣ ለዚህ ነው ያለቀው። መስመሩ የዘይት መሄጃ ነው። ኳስ የሌለው ኩሽኔታ ነው፣ ግማሹ።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ በደረታቸው ውስጥ እየተንኳኳ የሚወጣ ሳቅ። እሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ እዚያ ማዕዘን ላይ በእንፋሎት የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ቆሞ እንደነበር፣ ጭሱንና ድምፁን እንደሚያስታውሱ ነገሩኝ። ያን ቀን ደስ አለን። ጠባቂውን አስጠርተው ነገሩት። እሱ ራሱን ነቅንቆ ሰማ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እሷ ናት ሞተር ነው ያለችው?» አለ።

በዚያው ሳምንት ንጹሕ ጀላቢያ የለበሱ ሁለት ሰዎች በማሳው ዳር ሲመላለሱ አየሁ። መሬት ሊገዙ ነው ተባለ። ሌላ ቀን ስነሣ በርሲሙ መሐል ሦስት ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፣ እያንዳንዳቸው እስከ ጉልበት የሚደርሱ። «የሌባ ሥራ ነው» አለ ጠባቂው። ጠመንጃ ይዞ ከሚያድረው ሰው ጆሮ ሦስት ጉድጓድ እንዴት እንዳመለጠ አልጠየቅኩትም። የጫማው ጭቃ ግን እርጥብ ነበር፤ ያንን አይቻለሁ። እሱ ደግሞ የኔን ስልክ አይቷል። ለዶክቶራ ደውሎ ሐበሻዊቷ ዕቃውን በምስማር ጫረችው፣ ከዚያ ስልክ ደወለች፣ ከዚያ ሰዎች መጡ ብሎ ነገራት። የደወልኩት ለጓደኛዬ ነበር፤ ልጁ ያስመልሰዋል ብላኝ እንዴት ሆነ ልላት።

ዶክቶራ መጣች። ልጅዋን፣ የአራት ዓመቷን ሕፃን፣ አያቷ ጭን ላይ አስቀምጣ ወደኔ ክፍል ገባች።

«ማሌሽ» አለችኝ፣ ይቅርታ እንደማለት፣ «አንቺን ጠርጥሬ አይደለም። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ለሁላችንም ሰላም እንዲሆን ነው።»

ሻንጣዬን ራሴ ከፈትኩላት። ልብሴን አንድ በአንድ አነሣች፣ በጥንቃቄ፣ እንደነበረው እያጠፈች መለሰችው። ያ ማጠፏ ነው ይበልጥ ያመመኝ። ምንም አልተገኘም። ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ቸኮሌትም ሰጠችኝ።

ባሽሙሐንዲስ ይህን ሲሰሙ ተናደዱ። ቡላቅ ውስጥ በሥራ ዘመናቸው የሚያውቁት ነሐስ አቅላጭ ነበር፤ እሱ አይቶ በወረቀት ቢጽፍ ጠባቂውም ልጃቸውም ዝም ይላሉ ብለው አሰቡ። በእረፍት ቀኔ ይዤው እንድሄድ ጠየቁኝ። ደብዳቤ በእጃቸው ጻፉ። ሞኝነት እንደሆነ ሁለታችንም ማወቅ ነበረብን። እኔ ግን መታመኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሚክሮባሱ ስወርድ ጓደኛዬ ልጁን አዝላ ጠበቀችኝ። ከመንገዳችን መግቢያ ላይ የሠፈሩ ሰዎች ዱላና ብረት ይዘው የሚያልፈውን ይፈትሹ ነበር፣ ፖሊስ ስለሌለ። ቦርሳዬን ከፈቱ። ጨርቁን ገለጡት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ቅርስ ነው» አለ አንዱ።

«ከየት አመጣሽው? ለማን ልትሰጪው ነው?» አለ ሌላው። ደብዳቤውን ሰጠሁት፤ አነበበውና «ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል» ብሎ ኪሱ ከተተው። ሰዎች ተሰበሰቡ። ሦስተኛው የነጠላዬን ጫፍ ያዘ። ጓደኛዬ «እባካችሁ» እያለች ታለቅሳለች፣ ልጁም አብሯት ያለቅሳል።

ያን ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። ነሐሱን ከፈታሹ እጅ ወስጄ አስፋልቱ ላይ አስቀመጥኩትና ተንበረከክኩ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ ማስረዳት ጀመርኩ። ጣታችሁን እዚህ አስገቡ፣ ይህ የዘይት መንገድ ነው። ይህ የለሰለሰው ዘንግ በልቶት ነው። ሲቀልጥ አሸዋ ውስጥ ፈስሷል፣ አሸዋው እዚህ ጀርባው ላይ አሻራውን ጥሏል። ከዚያ በሞረድ ተስተካክሏል፣ የሞረዱ ጥርስ ይኸው። ፈርዖን ሞተር አልነበረውም። ከመካከላቸው ልብሱ በግሪስ የጠቆረ አንድ መካኒክ ጎንበስ ብሎ ጣቱን አስገባ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አመላለሰው። «ልክ ናት» አለ። «የሞተር ዕቃ ነው። ኸላስ፣ በቃ፣ ልቀቋት።»

ለቀቁኝ። ነሐስ አቅላጩ ጋ ሄድን፤ እሱም አንዴ ብቻ ሞረድ አሳርፎበት ያንኑ አለና ጻፈልኝ። ጓደኛዬ በመንገዱ ሁሉ ከፊቴ ቀድማ ሄደች። ደረጃችን ላይ ስንደርስ ቆመች።

«አንቺ» አለችኝ፣ «አሸዋ ውስጥ እንደሚፈስ በምን አወቅሽ?»

«ስሠራ ነው ያየሁት።»

«ቤት ስታጸጂ?»

የቤቱን ቁልፍ ከቦርሳዬ መፈለግ ጀመርኩ።

«አባትሽ አራሽ ነው አላልሽንም?»

«ብያለሁ።»

ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ አስጠጋችው፣ ነጠላዋንም ፊቱ ላይ ሳበች። ክፉ ሰው ስላልሆነች እንዳላስተውል ቀስ አድርጋ ነው የሳበችው። እኔ ግን ያንን እንቅስቃሴ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀኔ ስመጣ ልጁ ታሞ ነበር፤ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ዓይኑ ገባ ገባ ብሏል። አንገቱ ላይ ጤና አዳም ተቋጥሯል። ሐኪም ቤት ውሰዱት ብዬ ዶክቶራ የሰጠችኝን ሽሮፕና በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት አወጣሁ። ጓደኛዬ ተቀበለችኝ፣ ግን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጠው ጠብቃ ነው ያነሣችው። እጅ በእጅ አልተቀበለችኝም።

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ድምፅዋን አላነሣችም።

«እኔ ማንንም አልወቅስም» አለች። «ሰው በተፈጠረበት ነው። ሳታውቂው ይሆናል። ብቻ እንትፍ በይበት፣ ልጁ ይዳን።»

«እትዬ፣ ልጁ ውሃ አልቆበት ነው። መድኃኒት ይጠጣ።»

«ይጠጣል። አንቺም እንትፍ በይበት።»

የተጠረጠረ ሰው በታመመው ላይ እንዲተፋ ሲለመን አባቴን አይቻለሁ። ያን ቀን አባቴ እምቢ አለ፤ ልጁ ሞተ፤ ለአንድ ዓመት ማረሻ የሚያመጣልን ጠፋ። ብተፋ አዎ፣ እኔ ነኝ ማለት ነው። ባልተፋ ደግሞ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን ራሴም ከራሴ ጋር እንዴት እኖራለሁ? ጓደኛዬ እግሬ ሥር ተንበረከከች። «ለኔ ብለሽ» አለችኝ። 

ጎንበስ አልኩና እንትፍ አልኩበት። ሦስት ጊዜ፣ እንደሚደረገው። ልጁ ፊቱን አኮማትሮ አየኝ። ሲያመው እንኳ ያውቀኝ ነበርና እጁን ዘረጋልኝ፤ አልያዝኩትም።

በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ዱቄቱ ይሁን ሽሮፑ አላውቅም። እነሱ ግን ምን እንዳዳነው አወቁ፤ ስለዚህ ምን እንዳሳመመውም አወቁ ማለት ነው። ጓደኛዬ ደውላ እያለቀሰች አመሰገነችኝ። ያ ምስጋና ከስድብ ይከብድ ነበር። እኔም በዚያ ሳምንት መስታወት ፊት ቆሜ ዓይኔን ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት፣ የሌላ ሰው ዓይን እንደምመረምር። ከዚያ ዕቃዬን ከቡላቅ አወጣሁና ሙሉ በሙሉ እርሻው ገባሁ።

የአቅላጩ ወረቀት ማንንም ዝም አላሰኘም። ጠባቂው ማንበብ ስለማይችል ሚስቱ አነበበችለት፤ እሱም «ወረቀት ይገዛል» አለ። ጉድጓዶቹ ሰባት ደረሱ። አንድ ጠዋት ቁም ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ፣ መቆለፊያው ግን አልተሰበረም። ዶክቶራ ጠባቂውን ጠረጠረች። ጠባቂው እኔን። እኔ መጀመሪያ እሱን ጠረጠርኩ፤ ቁልፉ ግን ባሽሙሐንዲስ አንገት ላይ እንዳለ ነበርና፣ ሽማግሌው ራሳቸው ሰላም ይውረድ ብለው ለጠባቂው ሰጥተውት ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ስጠይቃቸው «የጠፋ ብረት ነው፣ ተይው» አሉኝ። እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

በዚያ ሰሞን እውነቱን ነገርኳቸው። አጎትም ጋራዥም እንደሌለኝ፣ አባቴ ምን እንደነበረ፣ ሰዎች ምን እንደሚሉን። ስለ ዓይን ስናገር አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የዓይን ነገር በግብፅም አለ። «አባትሽ ጥሩ ሠራተኛ ነበር» አሉኝ፣ «ጆሮሽ ላይ ይታያል።» ስለ አባቴ እንዲህ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ተነሥቼ ኩሽና ገባሁና አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ዶክቶራ ስትመጣ ልጅዋን ይዛ አትመጣም ነበር። መንገዱ አስጊ ነው አለች፤ እውነትም አስጊ ነበር፣ እዚያ መንገድ ላይ መኪና ይዘረፋል። አባቷ ነግረዋት ይሁን፣ መንገዱ ይሁን፣ መለየት አልቻልኩም። ብረት ቢሆን አንኳኩቼ አውቀው ነበር።

ባሽሙሐንዲስ በሚቀጥለው ክረምት ሆስፒታል ገብተው በዚያው ቀሩ። ማሳው ተከፋፍሎ ተሸጠ፣ ያለ ፈቃድ ፎቅ ተሠራበት። ሣጥኑን ዶክቶራ ወሰደች፤ ምን እንዳደረገችው አልጠየቅኩም። ጓደኛዬ የስደተኛ ወረቀቷ ተሳክቶላት ከልጅዋ ጋር ወጣች። ልትሄድ ስትል ደውላ ልትሰናበተኝ እንደምትመጣ ነገረችኝ፤ ጠበቅኳት፣ አልመጣችም።

እኔ ዛማሌክ ሌላ ሥራ አገኘሁና ፋይሰል አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራየሁ። አብራኝ የምትኖር ሴት ስፈልግ፣ የመጀመሪያዋ ገና በሩ ላይ እንዳለች «አባቴ ቀጥቃጭ ነው» አልኳት። ስልክ ተደወለልኝ ብላ ወጥታ አልተመለሰችም። ሁለተኛዋ ከወሎ የመጣች ናት። ለሷም ያንኑ ነገርኳት። አየችኝና ሻንጣዋን እየጎተተች ገባች።

«ውሃው ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

«ከስድስት በኋላ» አልኳት።

አሁን አራት ዓመታችን ነው። ምግብ ስናቀርብ ግን ዛሬም ከጎኗ ሆኜ እጅዋን እጠብቃለሁ፤ ቀድማ ትቆርሳለች ወይስ እኔ ዞር እስክል ትቆያለች እያልኩ። እስካሁን ቆይታ አታውቅም።